የጠያቂዎቼ ኪኒን

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ ሰው ባየሁ ቁጥር አፌን ይበላኛል፤ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ልጆቼ «አባባ ደግሞ ጀመረው» ይላሉ። ይበሉ። ቀኝ እግሬን ከጉልበት በታች ላጣ የነበረው በዚሁ ነው፤ ያውም በጠላት ሳይሆን በወዳጅ እጅ። ሱሪዬን እየገለጥኩ ጠባሳ ማሳየቱ ሰልችቶኛል። አንዴ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው።

ስሜ ንዳ፣ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር ጨርቅ ተሸክሞ ሆሳዕና ገባ፤ እኔ እዚያው ተወልጄ በሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘረጋሁ። ባለቤቴ አበበች የጊምቢቹ ልጅ፣ ሀዲያ ናት፤ ከእኔ ጋር በአማርኛ ትጨቃጨቃለች፣ ከእናቷ ጋር ደግሞ በሀዲይኛ ታማኛለች። የስፌት መኪና በእግር ነው የሚዞረው። እግር ካልረገጠ መርፌው አይወርድም፤ መርፌው ካልወረደ ቤት ውስጥ ምሳ የለም። እግሬ ሄደ ማለት ቤቴ ሄደ ማለት ነበር።

ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። ለአብዮት በዓል ሰልፍ የሚለበስ የሴቶች ማኅበር ዩኒፎርም እንድናደርስ የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ታዞ፣ ካኪው ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ፣ ጀርባችን እስኪጎብጥ እንረግጣለን። በዚያ ችኮላ መሃል የመርገጫው ብረት ጠርዝ ቅልጥሜን ጫር አደረገኝ። ደሙ እንኳ በወጉ አልወጣም። ምራቄን ቀባሁበትና የያዝኩትን ኮሌታ ጨረስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጭረቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ትኩሳቱም መጣ። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸችልኝ። አልሆነም። ክሊኒክ ሄጄ ዝናብ በሚያፈስ በረንዳ ላይ ወረፋ ጠበቅኩ። ቁስል የሚያክመው ድሬሰር ደግ ሰው ነበር፤ ያለው ፔኒሲሊን ብቻ ስለሆነ ያለውን ወጋኝ። እብጠቱ ጎደለ። እኔም ዳንኩ ብዬ የቀረውን መርፌ ትቼ ወደ ዩኒፎርሜ ተመለስኩ። ከዚያ እንደገና አበጠ። ዳግመኛ ስሄድ ተረኛው ሌላ ሰው ነበር፤ ነካ ነካ አድርጎ «ይሄ ቁርጥማት ነው» አለና ማስታገሻ ሰጠኝ። ቀጥሎ የመጣው ወጌሻ ነው። እሱ ደግሞ «አጥንቱ ዞሯል» ብሎ በቅቤ እያሸ ሊመልሰው ታገለ። ጩኸቴ መንደሩን ሰበሰበ። አጥንት የዞረም የተመለሰም አልነበረም፤ እሱ ካሸኝ በኋላ ግን ቁስሉ ፈነዳና መግል ይወርድ ጀመር።

ከዚያ ጠያቂ መጣ።

አገራችን የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ወተት ይመጣል፣ ብርቱካን ይመጣል። በዚያ ዘመን ግን ከሁሉም በላይ የሚያስከብረው ስጦታ ኪኒን ነበር። መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ከአቧራ በቀር ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ሁሉንም አይውጠውም። ትንሽ ሻል ሲለው ይተወውና የተረፈውን በጨርቅ ቋጥሮ ሣጥን ውስጥ ለክፉ ቀን ያስቀምጣል። የወዳጁ ክፉ ቀን ሲመጣ ያንን ቋጠሮ ፈትቶ ሁለት ሦስት ፍሬ ይዞ ይሄዳል። ፍቅር ማለት ይህ ነበር፤ እየቀለድኩ አይደለም።

የቀበሌያችን ጸሐፊ አቶ ላፌቦ ባለሁለት ቀለም ካፕሱል በደብተር ወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። አንዷ የሰፈር ሴት ለልጇ ጆሮ ታዞ የተረፈ ሽሮፕ ይዛ መጣች፤ እሱንም ጠጣሁት። ከሁሉም የከበደኝ ግን የእትዬ ብርቄ ስጦታ ነበር። እትዬ ብርቄ አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። ያላት አንድ ልጅ ታደለ ያኔ ሰሜን ግንባር ነበር። ከዚያ ሆኖ በሰው እጅ ጥቂት ካፕሱል ልኮላት፣ «እማዬ፣ ሲያምሽ ዋጪ» ብሏት ነበር። እሷ ግን ራሷ ስታተኩስ እንኳ አልነካችውም። ልጇን እንደማየት ነበር የምትቆጥረው። ያንን ይዛ መጣችና ለአበበች ዘረጋችላት።

«እንቺ፣ የታደለ ነው። ለወታደር የሚሰጠው ጠንካራ ነው። ግማሹን ይዋጥ፣ ግማሹን ከፍተሽ ነስንሽበት።»

«ኧረ እትዬ ብርቄ፣ ለራስዎ ይሁን! ልጅዎ የላከልዎትን?»

«ዝም በይ አንቺ! እግሩ ከሄደ በኋላ ኪኒን ምን ሊያደርግለት ነው?»

ዋጥኩ፣ ተነሰነሰልኝ። ጠዋት የአቶ ላፌቦን፣ ማታ የእትዬ ብርቄን እወስዳለሁ፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይጀመራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ ያ ሁሉ ኪኒን ተባብሮ ያሰረው ግን እኔን ነው። በጀመርኩ ሰሞን ሻል ይለኛል፤ ሲያልቅ ከነበረበት ይብሳል። ቤቱ ውስጥ ሽታዬን ለመደበቅ መስኮት ይከፈታል። ልጆቼ አጠገቤ መተኛት ተዉ። 

መጨረሻ ላይ ያየኝ ሐኪም ፋሻውን ፈትቶ፣ አጥንቱ ሳይነካ እንዳልቀረ ነገረኝ። «ሊቆረጥ ይችላል» አለ። ከዱራሜ ወዲያ ካለ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና የሚሠራ ዶክተር አለ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ የቆመችውን የስፌት መኪና አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት መጓዝ አይቻልም፤ እሱን አቶ ላፌቦ ስብሰባ አቋርጦ ወጥቶ ጻፈልኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ስንት ቀን ያመላልሰው ነበር። በጭነት መኪና ተሳፍረን በአንጋጫ በኩል ወደ ዱራሜ ወረድን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው በተያዘ ቁጥር ሰው ሁሉ ወርዶ ይገፋል፣ አበበችም ቀሚሷን ሰብስባ ትገፋለች። እኔ ብቻ እንደ ባላባት ከላይ ተቀምጬ አያለሁ። አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ መግሉ የሚወርድ እግሬን ሳይጠየፉ አንስተው በጤፍ ከረጢታቸው ላይ አስቀመጡልኝና፣ እስክንደርስ በእጃቸው ደግፈው ያዙት። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ሣሩ ላይ ተኝቷል። ጠበቅን። በሽተኛ የሚያውቀው ድካም አለ፤ ምንም ሳይሠራ የሚደክም። ተራዬ ደርሶ ስገባ ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ፋሻውን ራሱ ፈታ። «ልትቆርጠው ነው?» አልኩት። «እስኪ ቆይ» አለኝ፤ «ምን መድኃኒት ወስደሃል?»

እኔ ስም አላውቅም። አበበች ግን ከመቀነቷ ቋጠሮዎቿን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትፈታ ጀመር። የሰው ውለታ አይረሳም፤ የማን ስጦታ እንደሆነ ለይታ ነበር የምትቋጥረው።

«ይሄ የአቶ ላፌቦ ነው። ይሄ የእትዬ ብርቄ፣ ልጇ ከጦር ሜዳ የላከላት። ይሄ የእናቴ፣ ከጊምቢቹ የመጣ። ይቺ ደግሞ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ።»

ዶክተሩ አንድ በአንድ አገላብጦ አያቸውና ራሱን ያዘ። «ይሄ ሁሉ ቴትራሳይክሊን ነው፤ ይሄ ሌላ፤ ይሄ ጊዜው ያለፈበት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አየህ፣ እዚህ እግር ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የመንደርህን ኪኒን ሁሉ ቀምሶታል። እየቀመሰ ለምዶታል። እኔም በግምት አንድ ጨምሬ ብሰጥህ ከጠያቂዎችህ አልሻልም። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ላቦራቶሪው ይንገረን። እስከዚያ ምንም አትወስድም።»

«ምንም?»

«ምንም። ውስጡ መድኃኒት ካለ ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ አይበቅልልንም።»

ያን ሁሉ ጭቃ አቋርጦ መጥቶ «ምንም አትወስድም» መባልን አስቡት። ክፍላችን ውስጥ ከጎኔ የተኛው በሽተኛ ሌላው ሁሉ መርፌ ሲወጋ እኔ ዝም ስባል አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። «ወንድሜ፣ ተስፋ ቆርጠውብህ ነው። መድኃኒት የሚነፍጉት የሚሞትን ሰው ነው» አለኝ። አዘኔታው ከልብ ነበር፤ ከትራሱ ሥር ካፕሱል አውጥቶ ሊሰጠኝም ቃጣው። አልተቀበልኩትም፤ ግን ሲመሽ ነገሩ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እግሬን በእጄ ይዤ ነበር የማድረው፤ ስነቃ አጣዋለሁ ብዬ ፈርቼ።

ከቁስሌ በጥጥ ጠርጎ የወሰደው የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ማቴዎስ ነው። የሺንሺቾ ልጅ፣ ካቶሊክ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። አበበች ጥጡን የት እንደሚወስደው ለማየት ተከትላው ሄደችና ተገርማ ተመለሰች።

«ከላቦራቶሪው ጓሮ በግ ታስሯል» አለችኝ።

«ለመስቀል ይሆናላ» አልኩ። መስቀል ቀርቦ ነበር፤ ለጉራጌ ልጅ መስቀልን ከቤቱ ውጭ መዋል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«አይ፣ አይታረድም። ደሙን በመርፌ ይቀዱለታል። ማቴዎስ ነው የነገረኝ፤ የአንተ በሽታ የሚበቅለው በእሱ ደም ነው።»

ነገሩ እውነት ነበር። ማቴዎስ ከበጉ አንገት ደም ቀድቶ፣ እንዳይረጋ ትንንሽ የመስታወት ፍሬ ካለበት ጠርሙስ ውስጥ እየነቀነቀ ያዘጋጀዋል። ከዚያ እንደ አጥሚት ከሚረጋ ነገር ጋር ቀላቅሎ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያፈሰዋል፤ ሲረጋ ባክቴሪያ የሚዘራበት ማሳ ይሆናል። የተዘራው ሙቀት ስለሚፈልግ በላምባ በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ያድራል። አበበች ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለበጉ ሣር አጭዳ ትወስድ ጀመር። «የባሌ እግር እሱ ላይ ነው» ትላለች፤ ነርሶቹ ይስቁባታል፣ እሷ ግድ የላትም።

ቀኑ ደርሶ ማቴዎስ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ግራ ገብቶታል። ሳህኑ ባዶ ነበር። ምንም አልበቀለም።

«እንደዚህ የሚመግል ቁስል ምንም ሳያበቅል አይቀርም» አለ። «ጋሼ ንዳ፣ የወሰድከው ነገር አለ?»

«በመስቀሉ! አንዲት ፍሬ አልነካሁም!»

ያን ጊዜ አበበች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ከጎኔ የተኛው በሽተኛ ተስፋ ቆርጠዋል ያለኝን ሰምታ ኖሯል። ጥጡ ሊወሰድ ዋዜማ ሌሊት እኔ ሸለብ ሲያደርገኝ ፋሻውን ገለጥ አድርጋ የእትዬ ብርቄን ካፕሱል ከፍታ ነስንሳበት ነበር። «ዝም ብዬ እንዴት ልየው? እግሩ እኮ ነው! መድኃኒት እያለኝ እንዴት ልከልክለው?» አለች። እኔ ተናደድኩና ጮህኩባት። ካገባኋት ጀምሮ እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። በሽተኛው ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ማቴዎስ ግን አልተቆጣም። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «እናት ብትሆንም እህት ብትሆንም እንደዚህ ነው የምታደርገው» አላት። «ግን ስሚኝ። ዱቄቱ ከጥጡ ጋር መጥቶ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። እንደዚያ ሲከመርበት ባክቴሪያው ደነዘዘ እንጂ አልሞተም። ተኝቶ ይጠብቃል። እንደገና እንጀምራለን።» ቋጠሮዎቿን እንድትሰጠው ለመናት። አበበች አንድ በአንድ ሰጠችው፤ የእትዬ ብርቄ ጋ ስትደርስ እጇ እንቢ አላት፣ ኋላ ግን ሰጠችው።

ቁስሉ ታጠበ፤ ደግሞ ያለ መድኃኒት ጠበቅን። በዚህ መሃል ትኩሳቴ ጨመረ። ዶክተሩ እየመጣ ጉልበቴን ይዳስሳል፤ እብጠቱ ወደ ላይ ከወጣ እንደማይጠብቅ ነገረኝ። ቢቆረጥ ምን እንደምሠራ አስብ ጀመር፤ ቁልፍ መትከል፣ ጨርቅ መቁረጥ፣ ለሌላ ሰው መኪና ክር ማስገባት። ከአበበች ጋር ተኳርፈን ስለነበር ይህንን ሁሉ ለማንም አልነገርኩም። እሷ ከበጉ ጋር ታወራለች፣ እኔ ከጣሪያው ጋር።

መስቀል በዚያ መሃል አለፈ። ደመራው ከግቢው ውጭ ሲበራ ጢሱ በመስኮት ገባ። አበበች ዱራሜ ካለች የአክስቷ ልጅ ዘንድ ቆጮና ጎመን በአይብ አግኝታ መጣችና ሳትናገር ፊቴ አቀረበችው። የመጀመሪያውን ጉርሻ እኔ አጎረስኳት። በዚያው ታረቅን።

ሁለተኛው ሳህን በቀለ።

ማቴዎስ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቶ ላቦራቶሪው ድረስ ወሰደኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ጽፎ በላከው ነበር። መጀመሪያ ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነ እንዴት እንደለየው አሳየኝ። ከበቀለው ላይ ነካ አድርጎ፣ ሐምራዊ ቀለም ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፑ እንዳየው አደረገኝ፤ ጥቃቅን ክብ ፍሬ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ዘለላ ተጠጋግቶ የተከማቸ። ከደም የተለየ ውሃ ላይ ሲጨምረው ደግሞ እንደ እርጎ አረጋው። «የሚያረጋው ክፉው ነው፤ ስሙ ስታፍ ነው» አለኝ። ከዚያ ዋናውን ሳህን አወጣ። ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ሻጋታ ሸፍኖታል፤ በላዩ ላይ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ወረቀት በአንድ መድኃኒት ተነክሯል።

«ይሄ ፔኒሲሊን ነው» አለ። ባክቴሪያው ወረቀቱን ተጠግቶ፣ ጫፉን ነክቶ በቅሏል። ደንታም አልሰጠውም። «ይሄ የአቶ ላፌቦና የእትዬ ብርቄ ነው፣ ቴትራሳይክሊን።» እሱንም ከብቦ በቅሏል። ማቴዎስ መድኃኒቶቹን በጠያቂዎቼ ስም መጥራት ከአበበች ተምሮ ነበር። «አሁን ይሄን እይ።»

በአንዱ ወረቀት ዙሪያ ሳህኑ ጥርት ያለ ነበር። ሰፊ ክብ፣ ምንም ያልበቀለበት። ክሎክሳሲሊን የሚባል መድኃኒት ነው አለኝ። እኔ ግን ስሙን አልሰማሁትም፤ እያለቀስኩ ነበር። ያ ባዶ ክብ እግሬ ነው። የስፌት መኪናዬ፣ የልጆቼ ምሳ፣ ሁሉም እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጦ ታየኝ።

ዶክተሩ ቁስሉን ከፍቶ የሞተውን አጥንት ጠረገ፣ መድኃኒቱ በመርፌ ተጀመረ። መዳን እንደሚያወሩት አይደለም፤ ቀርፋፋ ነው፣ ያሰለቻል። አንድ ቀን ይሻላል፣ ሌላ ቀን ያስነክሳል። ግን እብጠቱ ወረደ፣ ሽታው ጠፋ፣ በምርኩዝ ቆምኩ። ስሸኝ ማቴዎስ የሚዋጠውን ካፕሱል አሲዞኝ እጄን ሳይለቅ፣ «ጋሼ ንዳ፣ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ። ቢሻልህም። ደግሞ ለእናትህም ቢሆን አንዲት እንዳትሰጥ» አለኝ። ቀላል ነገር መስሎኝ ማልኩለት።

ቤቴ ገብቼ የ«እንኳን ማረህ» ጠያቂ ገና ሳያልቅ፣ ታደለ ከግንባር ተመለሰ። ክንዱ ላይ ቆስሎ ነበር፤ ቁስሉ ውጪው ይዘጋል፣ ውስጡ ይመግላል። እትዬ ብርቄ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣችና ሳትቀመጥ ተናገረች።

«ንዳ፣ ያቺ ያዳነችህ ኪኒን አልቃለች?»

ግማሹ ሣጥኔ ውስጥ ነበር። መዋሸት እችል ነበር፤ አፌ ግን «አላለቀችም» አለ።

«ጥቂት ፍሬ ስጠኝ። ልጄ እሳት ሆኖ አድሯል።»

 ስለ ሳህኑ፣ ስለ ወረቀቶቹ፣ ማቴዎስ ስላለው ነገርኳት። የእኔን የገደለው የእሱን ላይገድል ይችላል፤ ጥቂት ፍሬ ደግሞ ማለማመድ ነው እንጂ ማዳን አይደለም አልኳት። እየሰማችኝ አልነበረም። ፊቴን ብቻ ነበር የምታየው።

«ልጄ የላከልኝን ኪኒን የዋጥክ አንተ!» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

አበበች እያለቀሰች ስጣት አለችኝ። ያን ሁሉ ያየችው አበበች! «ሰው ምን ይለናል? ነገ በምን ዓይናችን እናያታለን?» ትላለች። እውነቷን ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ሣጥኑን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት። የራሴ መዋጫ ሰዓት ሲደርስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዋጥኩ። ታምሜ እንኳ እንደዚያ ቀን ተሰቃይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ምርኩዜን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ከፈተች፣ ግን ግባ አላለችኝም።

«እትዬ ብርቄ፣ ኪኒኑን አልሰጥዎትም» አልኩ። «እግሬን ግን ልስጥዎት። ታደለን ያልብሱት፣ እንሂድ።»

ዓይኗ ወደ ምርኩዜ ወረደ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተመልሳ ልጇን ቀሰቀሰችው።

በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጭቃ፣ በጭነት መኪና ወረድን። መኪናው ሲያዝ እኔም ወርጄ ጎኑን ያዝኩ፤ ጉልበት ኖሮኝ አይደለም። እትዬ ብርቄ ከእኔ ጋር ሳትነጋገር ነው የደረሰችው። ዶክተሩ ታደለን አየው፤ ያለ መድኃኒት አቆየው፤ እሷ በጎሪጥ እያየችኝ ቻለች። ማቴዎስ ጥጡን ወሰደ፣ ከበጉ ደም ቀዳ፣ ዘራ።

የበቀለ ዕለት እሷንም ጠራት። ሳህኑን መስኮቱ ጋ አስጠግቶ በጣቱ ያሳያታል፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜአለሁ።

«ይሄ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከጋሼ ንዳ ጋር አይገናኝም። ይቺን ወረቀት አዩአት፣ እማማ? ይቺ ጋሼ ንዳን ያዳነችው መድኃኒት ናት።»

በወረቀቷ ዙሪያ ባዶ ቦታ የለም። ባክቴሪያው ጫፏ ድረስ መጥቶ፣ ተጠግቶ፣ ለምልሞ በቅሏል። ጥርት ያለው ክብ በወዲያ በኩል፣ በማላውቀው በሌላ ወረቀት ዙሪያ ነበር። ለታደለ የታዘዘለት እሱ ነው፤ ክንዱም ዳነ፤ ዛሬ በዚያ ክንድ ልጆቹን ያነሳል።

እትዬ ብርቄ ሳህኑን ከእጁ ተቀብላ አልለቅ አለች። ማቴዎስ ሊቀበላት እጁን ዘርግቶ ቆይቶ መልሶ ሰበሰበው። በመጨረሻ ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«ብትሰጠኝ ኖሮ አመሰግንህ ነበር» አለች።

 ወጥቼ ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩና እግሬን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጓሮው ሳይ፣ እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ለበጉ ሣር ታጭዳለች።